ብርጭቆዎቹ ጎረቤት ሲያድሩ

እንቅልፍ እንቢ አለ። ይበል! ዛሬ ደግሞ እንቅልፍን ማን ጠራው። መስኮቱ ላይ የቸነከረችው ጥቁር አንሶላ ጠርዙ ላይ ቀዳዳ አለው፣ በዚያች ቀዳዳ የረፋዱ ፀሐይ ሾልካ አልጋዋ ላይ ተጋድማለች፣ ሌላ ቀን ቢሆን ተነስታ በካልሲ ትወትፋት ነበር፣ ዛሬ ግን ግቢ እህቴ ብላታለች፣ ዛሬ የመጣ ሁሉ ይግባ፣ ዛሬ ቋሚ ሆናለች። ቋሚ! ቃሉን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና እንደ ከረሜላ ታገላብጠዋለች። ሌሊቱን ሙሉ አውቶቡስ ስታጸዳ አድራ ጠዋት ጓንቷን አውልቃ ልትወጣ ስትል አለቃዋ፣ ያ ለፈገግታ የሚያስከፍሉት የሚመስለው ሰውዬ፣ በጣቱ ጠራት፤ በቃ ተባረርኩ አለች፣ ከአውቶቡሶቹ ማደሪያ እስከ ቢሮው በር ድረስ ያልተናዘዘችው ጥፋት የለም፣ የኋላ ወንበር ሥር ማስቲካ ትቼ ይሆን፣ መስታወቱ ላይ የጣቴ አሻራ ታይቶ ይሆን፣ እሱ ግን ወረቀት አቀረበላትና ከመጪው ወር ጀምሮ የኤጀንሲው መሆንሽ ቀርቶ የእኛው ሠራተኛ ነሽ አላት። የዓመት ፈቃድ አለ፣ ስትታመም የማይቆረጥ ደመወዝ አለ፣ ጭማሪም አለ። ቋንቋው ገና ግማሹ ነው የሚገባት፣ ጭማሪ የሚለው ቃል ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይገባታል። በሁለት እጇ ጨብጣ ጎንበስ ስትልለት ሰውዬው ደንግጦ የወደቀበት ነገር እንዳለ መሬቱን አየ። እሷም ምን ጨነቃት፣ ከበሩ ስትወጣ የጥበቃውን ሰውም ጨበጠችው።

ለማን ትንገረው? ጉዳዩ ይህ ነው። የምስራች ብቻውን አይዋጥም። የጋራው ወጥ ቤት ውስጥ ያገኘችው ፎቅ ላይ የሚኖረውን ጎረምሳ ነበር፣ እሱም ጆሮው ላይ የደፋውን ማዳመጫ ሳያወልቅ ራሱን ነቅንቆላት ወጣ፣ ስለዚህ ለውሃ ማፍያው ነገረችው፣ እሱም ፈላ። አሁን አልጋዋ ላይ ሆና ለአባቷ የምትነግርበትን ታጠናለች። አባዬ ቋሚ ሆንኩልህ፤ አይ፣ እንዲህ አይደለም፣ መጀመሪያ ትንሽ ታስጨንቀዋለች፣ አባዬ ሥራ ቦታ አንድ ነገር ተፈጥሯል ትለዋለች፣ እሱ ምን ሆንሽ ብሎ ይጮኻል፣ ያኔ ታፈነዳዋለች። ወንዱ ልጄ! ይላታል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚላት፤ የመጀመሪያ ልጁ ሴት ሆና ስትወጣበት በብስጭት ያወጣላት ስም ነው ይባላል፣ ኋላ ግን ምርቃት ሆኖ ቀረ። ከዚያ ትልክለታለች፣ ከበፊቱ ደጎስ ያለ፣ ያንን እንደ ወንፊት የተበሳሳ ጣሪያ ያስነቅለው፣ ለእናቷ ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥን ይግዛላት፣ ለሚጢም፣ ለታናሿ፣ የራሷ የፀጉር ማድረቂያ። ላም አለኝ በሰማይ ይላል ምቀኛ፣ ይበል፣ የሷ ላም ወርዳለች፣ ከመጪው ወር ጀምሮ ትታለባለች።

የምትልከው በአባቷ ስም ነው፣ ከመጀመሪያው ደመወዟ ጀምሮ። ስልኳ ላይ ያለው የገንዘብ መላኪያ «ተቀባዩ ምንዎ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ከተደረደሩት ውስጥ አባት የሚለውን ስትነካ ወገቧ ቀና ይላል። አባት ቤቱ ቁጭ ብሎ ለእናት መላክ ምን የሚሉት ነው፣ ሰፈሩ ምን ይላል፣ ልጁ ናቀችው ነው የሚለው፤ ደግሞም አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ የሸኛት ዕለት ሻንጣዋን እየጎተተ የነገራት አለ። «አባትሽን ያሰከረው ድህነት ነው ልጄ። ወንድ ልጅ ኪሱ ሲሞላ እጁ ያርፋል።» አጎትየው ራሱ ሦስት ሚስት ፈትቶ ስለ ትዳር የሚመክር ሰው ነው፣ በዚያን ቀን ግን ማን ልብ ብሎት፣ ይህችን ቃል ከፓስፖርቷ ጋር ይዛ ወጣች። በክረምት ሌሊት የአውቶቡስ ደረጃ ስትፈትግ ጣቷ ይሰነጣጠቃል፣ ይሰንጠቅ፣ የኔ እጅ ሲሰነጠቅ የሱ እጅ ያርፋል ትላለች ለራሷ፣ እንዲህ እያለች ወገቧን ቀና አድርጋ ሌላውን አውቶቡስ ትጀምራለች።

ያ እጅ እንዴት ያለ እጅ ነበር። አባቷ ግድግዳ ለሳኝ ነው፤ እሱ የለሰነው ግድግዳ ላይ መዳፍህን ብታስኬድ አንድ እንቅፋት አታገኝም ይሉ ነበር፣ ልጅ ሆና ተሸክሟት አዲስ ግድግዳ ላይ ጉንጯን ያስለጥፋታል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል፣ እዪ ወንዱ ልጄ፣ ይህን የሠራው አባትሽ ነው ይላታል። ሲጠጣ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ኮንትራት ጨርሶ ክፍያ የሚቀበልበት ቅዳሜ እናቷ ከቀትር በኋላ ሳፋ ታወጣለች፣ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ትጠቀልላለች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን መስታወት ታወርዳለች፣ ሁሉንም ሳፋው ውስጥ ታስተኛለች፣ ከዚያ አጥር ተሻግራ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት ዘንድ ትወስዳለች። «ብርጭቆዎቹን ላሳድራቸው» ነው የምትለው፣ ስለ በግ ግልገል የምታወራ ነው የሚመስለው። ልብስ ሰፊዋም ወሬ ጠያቂ አይደለችም፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ ከአልጋው ሥር ግፊያቸው፣ ዘንድሮስ የቤት ኪራይ ማስከፈሌ ነው ትላለች። እሷና ሚጢ ይስቃሉ። ብርጭቆዎቹ እንግድነት ሄዱ! ይላሉ፣ ሁለቱም አልጋ ሥር ገብተው ከበሩ ውጭ የአባታቸውን ሳል እስኪሰሙ ድረስ ይስቃሉ። ሰኞ ጠዋት ብርጭቆዎቹ ደህና ሆነው ይመለሳሉ፣ የእናቷን ዓይን ማን ያሳድረው፣ እሱ ያብጣል።

አልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ቆመ። ቅዳሜ? የክፍያ ቅዳሜ?

ቀና ብላ ተቀመጠች። ትናንት ሌሊት በየአውቶቡሱ ጠርሙስ ነበር። መወልወያውን ስትሰነዝር ከወንበር ሥር እየተንከባለለ ይመጣል፣ አንዱን ስታነሳ ሌላው ያመልጣታል፣ የኋላው መደዳ ወለሉ ተጣብቋል፣ ማን እንዳስታወከ እግዜር ይወቀው፣ አንድ ወንበር ላይ ደግሞ የሴት ፀጉር አገኘች፣ እፍኝ ሙሉ፣ ከነሥሩ። አውቶቡሶቹን ወደ ማጠቢያው የሚያስገባው የሌሊት ሹፌር፣ እሱም እንደሷ መጤ ነው፣ በተሰባበረው የጋራ ቋንቋቸው «ደመወዝ ገብቷል ማለት ነው» አላትና አፍንጫውን ያዘ። እሷም አዎ ገብቷል ብላ ሳቀች። ታውቀዋለች፣ ማን ሊነግራት፣ ከደመወዝ በፊት ያለው ሳምንት ወለሉ ላይ የዳቦ ፍርፋሪና የተጨማደደ ትኬት ነው፣ ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ይወርዳል፣ ደመወዝ ሲገባ ነው አውቶቡሱ የጦር ሜዳ የሚሆነው። ያንን ፀጉር በጓንቷ ሰብስባ ቆሻሻ ከረጢቱ ውስጥ ከተተች፣ ከዚያ አለቃዋ ጠራት፣ ከዚያ ቋሚ ሆነች፣ ደስታው ፀጉሩን አስረሳት። እዚህም ከሆነ፣ እዚያም ከነበረ፣ ታዲያ ድህነት ነው ያሰከረው ማለት ምን ማለት ነው? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ! ቆይ፣ ቆይ፣ አትቸኩይ። ሲያጣስ? ዝናብ ሲሆን ልስን የለም፣ ሥራ የለም፣ በዱቤ ይጠጣል፣ ቤት ቁጭ ብሎ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ፣ ማን አየኝ፣ ማን ናቀኝ ይላል፣ ስድቡ ጣሪያ ይነድላል፤ ግን ብርጭቆዎቹ? ብርጭቆዎቹ ያን ሰሞን መደርደሪያቸው ላይ ናቸው። እናቷ ሳፋውን አታወጣም። ሲያጣ በአፉ ነው፣ ሲያገኝ በእጁ። ወይኔ! ብላ ጭኗን መታች፣ ይህንን እናቴ ታውቃለች፣ ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች፣ ብርጭቆዎቹ እንኳ ያውቃሉ፣ እኔ ነኝ የማላውቀው፣ እኔ በየወሩ የክፍያ ቅዳሜ ጠቅልዬ የምልከው።

ደግሞ ያ ዓመት አለ። ትምህርት ቤቱ በወር ደመወዝ የቀጠረው ዓመት፤ የፈረሰ ግድግዳ ይጠግናል፣ ማታ በጊዜ ቤቱ ይገባል፣ ሚጢን ትከሻው ላይ ያወጣታል፣ ብርጭቆዎቹ ያን ዓመት ከቤት አልወጡም፣ መስታወቱም የተሰቀለበት ቦታ ላይ ሸረሪት አደራበት። ይኸውላችሁ ይል ነበር አጎቷ፣ ወር ጠብቆ የሚመጣ ገንዘብ ሲያገኝ ሰው ሆነ። ግን የትምህርት ቤቱ ደመወዝ ከኮንትራቱ ያንስ ነበር፣ አዎ ያንስ ነበር፣ እናቷ ስታማርር ትሰማ ነበር። ደግሞ ደመወዙን የምትቀበለው እናቷ ነበረች! ወር ሲያልቅ ነጠላዋን አጣፍታ ሚጢን አዝላ የምትሄደው እሷ ነበረች፣ ከገንዘብ ያዧ መስኮት ሥር ተሰልፋ። ለምን እሷ? ጠይቃ አታውቅም፣ ልጅ ምኑን ይጠይቃል።

ስልኩን አነሳች። የእናቷ ስልክ ዝግ ነው። ዝግ ነው፣ ዝግ ነው፣ እንደገና ዝግ ነው። ባለፈው ሳምንት መጨረሻ ነው የላከችው። ያለፈው ወር ስትልክም ተዘግቶ ነበር፣ ከዚያ በፊት ባለውም፣ ከቀናት በኋላ እናቷ ትደውልና ኔትወርክ ነው የኔ ልጅ፣ የኛን ሰፈር ኔትወርክ ታውቂው የለ ትላለች፣ ፊትሽን አሳዪኝ ስትላት ደግሞ ካሜራው ተበላሸ። ሞኝ! ሞኝ! ራሷን ትሰድባለች፣ ካልሲዋን አድርጋለች፣ አላደረገችም፣ አንዱ እግር ብቻ ነው፣ ክፍሉ ከአልጋው እስከ በሩ ምን ያህል ነውና ትመላለስበታለች። ለሚጢ ደወለች።

«ሃሎ እታለም! በሰላም ነው በዚህ ሰዓት? አትተኚም እንዴ?» ከሚጢ ጀርባ የፀጉር ማድረቂያ ይጮኻል።

«እንቅልፍ ይደርሳል። የእማዬ ስልክ ለምን ተዘጋ?»

«ኔትወርክ ነዋ።»

«አንቺ የት ነው ያለሽው?»

«ፀጉር ቤት። ሥራ ላይ ነኝ።»

«ከቤት እስከ ፀጉር ቤት አንድ ኩርባ አይደለም? ኩርባው ላይ ነው ኔትወርኩ የሚቀረው?»

ሚጢ ሳቀች፣ የማያስቅ ሳቅ። «ምን ላድርግልሽ እታለም፣ እማዬ ደህና ናት፣ ልብስ ሰፊዋ ጋ ናት፣ ብርጭቆዎቹን…»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ማድረቂያው ጠፋ፣ ሚጢ ወደ ውጭ ወጣች መሰል፣ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

«አሁንም ይሄዳሉ እንዴ?» አለች ታላቅየዋ ቀስ ብላ።

«ምን ብለን እንንገርሽ?» ሚጢ አለቀሰች። «አንቺ ሰው አገር ብቻሽን ነሽ፣ ሌሊት ሌሊት ትሠሪያለሽ፣ ሆድ ይፍጀው ብለን ነው። እማዬ ብትነግሪያት ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ ብላኛለች። ስትልኪ ነው እታለም። የላክሽ ዕለት ነው የሚጀምረው። ድሮ በመለኪያ ነበር፣ አሁን በጠርሙስ ነው። መንደሩን ሁሉ ይጋብዛል፣ የወንዱ ልጄ ነው ጠጡ ይላል። ልስኑንም ትቷል፣ ልጄ እያለች ምን አቧራ ያስቅመኛል ብሎ። ቤት ሲመጣ ደግሞ በሴት ልጅ ብር የምኖር መሰለሽ ወይ፣ ናቅሽኝ ወይ ይላትና ይጀምራል። ቅዳሜ የፊት ጥርሷን…»

«የፊት ጥርሷን ምን?»

«ወለቀ።»

ግድግዳውን በመዳፏ መታችው፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ተከራይ መልሶ መታ፣ እዚህ አገር እንዲህ ነው የሚነጋገሩት። ሚጢ ግን ከጀመረች አትቆምም፣ እንደ እናቷ ናት።

«ያ የዘገየሽበት ወር ትዝ ይልሻል?»

እንዴት አይል! ኤጀንሲው ሥራ የቀነሰበት ወር፣ ከኪራይ በቀር ሳንቲም ያልተረፋት፣ አባቷ ዘንድ ደውላ ማረኝ አባዬ ብላ ያለቀሰችበት፣ ሌሊት የአውቶቡስ ወንበር ስትወለውል ጦማቸውን ያደሩ እየመሰላት እንባዋ ከሳሙናው ጋር የተቀላቀለበት ወር።

«ያን ወር እኮ ዐረፍን» አለች ሚጢ። «ይሳደባል፣ ያጉረመርማል፣ ግን አንድ ቀን እጁን አላነሳም። እማዬ ምነው በየወሩ በዘገየች አለችና ወዲያው አፏን ያዘች።»

ዐረፍን! አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ እንደገና ተቀመጠች። ሊያስለቅሳት ይገባ ነበር፣ አስለቅሷታልም፣ ግን ከእንባው ሥር ሌላ ነገር እንደ ወተት እየገነፈለ ነው፣ ቋሚ ነኝ እኮ፣ ቋሚ ነኝ፣ አሁን ከሆነ አሁን ነው! ላቁም? ባቆም ስድቡ አለ፣ ረሃቡ አለ፣ ስድብና ረሃብ ለእናቴ የምመርጠው ነው? በእናቴ ስም ልላክ? አንድ ቤት ውስጥ ሆነው ማን ከማን ይደብቃል፣ በጥርስ ፈንታ ክንድ ይሆናል። ለአጎቴ? እሱ እጅ ከገባ ጣሪያም አይተርፍ። ገንዘቡ መሄጃ የለውም፤ እናቴ ግን መሄጃ አላት! አላት! ከአልጋው ዘለለች።

«ሚጢ! ያቺ ቀጣሪሽ ሌላ ከተማ ፀጉር ቤት ልትከፍት ነው አላልሽኝም?»

«ከፈተች። ነይና አንቺ ያዢው ብላኝ ነበር።»

«አንቺስ?»

«እማዬን ለማን ትቼ?»

«ይዘሻት ሂጂያ!» ብላ ጮኸች። ግድግዳው ከወዲያ ተመታ፣ ይምታ። «ቋሚ ሆኛለሁ ሚጢ! ይህንን ልነግራችሁ ነው የደወልኩት! ክፍል እከራይላችኋለሁ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ኪራዩን ከዚህ በቀጥታ ለቤቱ ባለቤት እልካለሁ፣ በአባዬ ስም የለም፣ በእናቴም ስም የለም!»

ሚጢ መንገድ ላይ ቆማ እልል አለች። ሰው ምን እንዳላት አልተሰማም፣ ብቻ እህትሽ አግብታ ነው? የሚል የሴት ድምፅ ገባና ሚጢ፣ አዎ ከቋሚ ሥራ ጋር! ስትል ሁለቱም በእንባቸው መሀል ሳቁ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ተደወለ። የስፌት መኪናው ድምፅ እንደ ድሮው ነው፣ ትክ ትክ ትክ፣ ልብስ ሰፊዋም እንደ ድሮው ወሬ የላትም፣ «ይኸውልሽ እናትሽ» ብላ ስልኩን አቀበለች።

«ሁሉ ሰላም ነው የኔ ልጅ» አለች እናቷ። «ሰ» ላይ ነፋስ ወጣ።

«እማዬ፣ ጥርስሽን ሰምቻለሁ።»

«ጥርስ ደግሞ ይሰማል እንዴ? ይህቺ ሚጢ! አይዞሽ፣ ሊወልቅ የደረሰ ጥርስ ነበር።»

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት፣ ቋሚነቱን፣ ክፍሉን፣ ቁልፉን፣ ዛሬውኑ ተሳፈሩ፣ ነገ አትበሉ፤ እናትም ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ እምቢ አለች። ማን ያበላዋል፣ ሰው ምን ይላል፣ በዚህ ዕድሜዬ ባሏን ጥላ ሄደች ልባል፣ አባትሽን ልታዋርጂው ነው ወይ። «ደግሞ ክፉ ሰው አይምሰልሽ» አለቻት። «ራሱን ያውቃል እኮ። ያኔ ትምህርት ቤት ሲቀጠር ገንዘብ ያዧ ዘንድ በእግሩ ሄዶ ለምኗታል። ለኔ አትስጪኝ፣ ከእጄ ከገባ ቤቴን አፈርሳለሁ፣ ለሷ ስጪልኝ ብሎ። እኔ ጎኑ ቆሜ መሬት ነው የማየው፣ በአደባባይ እንዲህ ሲል። ከዚያ ሴትዮዋ ተዛወረች፣ አዲሱ ሰውዬ የፈረመ ብቻ ነው የሚወስድ አለ፣ በቃ፣ ተመለስን።»

እሱ ነበር የለመነው! አባዬ! ቆማ መሀል ክፍሉ ላይ አፏን በእጇ ያዘች፣ ያ ዓመት የደመወዙ አልነበረም፣ የሱ የራሱ ልመና ነበር፣ ገንዘቡ ከእጁ ሳይደርስ ነው ሰላም ያደርነው፣ እኔ ግን ይኸው ባሕር ተሻግሬ እጁ ውስጥ አፈሳለሁ። ምን አባቴ ልሁን፣ ማንም አልነገረኝም፣ ማንም! ተናደደች፣ ወደደችው፣ እንደገና ተናደደች።

«እማዬ፣ አሁንም ያንኑ ነው የማደርገው። ገንዘብ ያዧ እኔ ነኝ። ያኔ መስኮት ሥር ትሰለፊ ነበር፣ አሁን መስኮቱ ሌላ ከተማ ነው፣ ተሳፍረሽ ሂጂ።»

የስፌት መኪናው ቆሟል፣ ልብስ ሰፊዋ እየሰማች ነው። ከዚያ እናቷ፣ «ሳፋው አውቶቡስ ላይ ይፈቀዳል?» አለች።

«የምን ሳፋ?»

«ብርጭቆዎቹን ይዤ ነው የምሄደው። ሌላውን ይውሰደው።»

ልብስ ሰፊዋ ከጀርባ፣ «እሰይ! አልጋዬ ሥር ሰፋልኝ!» ስትል ተሰማ። ሦስቱም ሳቁ፣ የእናቷ ሳቅ ያፏጫል።

እንግዲህ ተኝታለች ማለት ውሸት ነው። ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ጣሪያውን ታያለች፣ ተነስታ ፊቷን ታጠበች፣ ዳቦ ቆርሳ ሳትበላው ረሳችው፣ የሥራ ጫማዋን ጠረገች፣ አሁን ሚጢ እየሮጠች ነው፣ አሁን ሻንጣ እየዘጉ ነው፣ አሁን እሱ ከእንቅልፉ ይነሳል፣ አይነሳም፣ ቅዳሜ የጠጣ ሰው እንዲህ ቶሎ አይነሳም፣ ግን ዛሬ ቅዳሜ አይደለም፣ እግዜር ያውቃል። ስልኩ ጮኸ፣ የሚጢ መልእክት ነው፤ «ተሳፈርን። ሳፋው ጭኗ ላይ ነው።» አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ በሁለት እጇ ስልኩን ሳመችው፣ መሀል ክፍሉ ላይ ብቻዋን እስክስታ ሞክራ ትከሻዋ ቁምሳጥኑን መታ። ከዚያ ስልኩ አንዴ ጮኾ ቀጥ አለ። ሚስኮል። አባቷ ነው፤ ሁልጊዜ ሚስኮል ያደርጋል፣ እሷ መልሳ ትደውላለች፣ ሕጋቸው ነው። ዛሬ አልደውልም አለች። እጇ ግን ልማዱን የት ይተው፣ ደወለ።

«ወንዱ ልጄ!» ድምፁ የሻከረ ነው፣ የጠጣ ሰው ድምፅ ግን አይደለም። «እናትሽ ደውላልሽ ነበር?»

«ለምን አባዬ?»

«ቤት የለችም። ብርጭቆዎቹም የሉም።» ሳል ያዘው። «አድርጌ ነው መሰለኝ። አላስታውስም። እጄ አብጧል።»

ስንት ያጠናችው ጨዋታ፣ ሥራ ቦታ አንድ ነገር ተፈጥሯል ብላ የምታስጨንቀው፣ ሁሉም ከአፏ ጠፋ። «ቋሚ ሆንኩ አባዬ» ያለችው እንዲሁ ነው።

«ምን? ቋሚ? ቋሚ ሠራተኛ?» ስልኩ ሊሰነጠቅ ደረሰ። «ወንዱ ልጄ! ወንዱ ልጄ! እኔ ዕድሜ ልኬን የቀን ሠራተኛ! ቋሚ! እኔ ያላገኘሁትን!» ያለቅሳል፣ የእውነት ደስታ ነው፣ እሷም ታውቀዋለች፣ ለአንድ አፍታ ሁለቱም ልጅ ሆነው ቋሚ፣ ቋሚ ተባባሉ፣ ጉንጯ ያ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ያረፈ መሰላት። «እንግዲህ ጨመር አድርገሽ ትልኪልኝና…»

«አልልክልህም።»

«ምን አልሽ?»

«ከእንግዲህ በእጅህ አልሰጥህም። እማዬንም ከዚያ ቤት አውጥቻታለሁ።»

«በገዛ ቤቴ!» ብሎ ጮኸ። «በገዛ ሚስቴ! አንቺ ማን ሆነሽ ነው? ብር ስላየሽ አባቴ የሆንሽ መሰለሽ? ስሜን የሰጠሁሽ እኔ!» ሌላም አለ፣ እዚህ የማይደገም፣ ከዚያ ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

አልተጸጸተችም፣ ፈርታለች፣ ደስም ብሏታል፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሄደዋል፣ ተሳፍረዋል፣ ምን ያመጣል፣ መንገድ ላይ ናቸው። ግን የት እንደሄዱ ይጠይቃል፣ ፀጉር ቤቱ ቢሄድ ማን ይነግረዋል፣ ቀጣሪዋ አፏ ጠንካራ ነው፣ ልብስ ሰፊዋስ ለመንግሥትም አትናገር፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። አባቷን በሕይወቷ ዋሽታው አታውቅም። የት ናት ብሎ እንደ አባት ቢጠይቃት ምላሷ ምን ይሆናል? ይህንን ስታስብ ስልኩ አንዴ ጮኾ ቀጥ አለ። ተቆጥቶም ሚስኮል ነው! ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ደወለችለት።

አልጮኸም። ሲተነፍስ ይሰማታል። «የት ነው የወሰድሻት?» አለ ቀስ ብሎ፣ የልስን ሰው እርጥብ ግድግዳ አጠገብ እንደሚናገረው።

የከተማው ስም ምላሷ ላይ ነው። አባቷ ነው። አልጠጣም። ልጅ ሆና የጠየቀችውን ሁሉ የሠራላት ሰው ነው፣ ደግሞ ራሱን ያውቃል፣ ያኔ በእግሩ ሄዶ የለመነ ሰው ነው፣ ምን አለበት ብትነግረው። አፏን ከፈተች።

«አባዬ…»

«አይ!» ብሎ አቋረጣት። «አይ፣ አትንገሪኝ። ዛሬ ደህና ነኝ። ዛሬ ብትነግሪኝ ነገ እመጣለሁ።»

አባቷ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ነገም እደውልልሻለሁ። እምልልሻለሁ፣ አለቅሳለሁም፣ ታውቂኝ የለ። ደህና ሰው ሆኛለሁ እልሻለሁ። እንዳትነግሪኝ ወንዱ ልጄ።»

«እሺ አባዬ» አለችው።